ሰባተኛው በር

ሁለት ቀን ሙሉ ኢድዋል ለሰው አልነገረ፣
አውቶቡሱን ነድቶ ዋለ፣ ተጣጥፎ አደረ፤
በስዋንሲ ዝናብ፣ በባሕሩ ዳር መንገድ፣
እምብርቱ ዙሪያ አንዳች ነገር ሲሄድ፣ ሲመጣ፣ ሲነድ።
ለወራጁ «ደኅና ዋሉ»፣ ለአሮጊቷ «ቀስ ይበሉ»፣
ማርሽ በቀየረ ቁጥር በጥርሱ መካከል ትንሽ «እሕ» ማለቱ።
«የት ጋ ነው የሚያምህ?» ሲሉት ሐኪሞቹ መዳፉን ዘረጋ፣
ጣት የሚቀስርበት አጣ፤ «እዚህ... እዚያ... እዚህ ጋ።»

ሆድ እንዲህ ነው።
ቆዳ ሲወጉት ስፍራውን ይናገራል፣
ሆድ ግን አድራሻ የሌለው ደብዳቤ ይልካል።
በቢላ ቢቆርጡት አንጀት አይሰማውም፣
ሲነፋ፣ ሲወጠር፣ ሲቆጣ ነው እንጂ፤ ያኔ አይችለውም።
እኛ «ሆድ ይፍጀው» ብለን ምስጢር ስናስቀምጥ፣
ማን ጠየቀው ሆድን፣ በምን ቋንቋ እንደሚያምጥ?

ሌሊት አምስት ሰዓት ላይ፣ ትርፍ አንጀት፣ ትርፍ ናት ተብላ
ወጣች ከሆዱ፣ ጣት አክላ፣ አብጣ፣ ቀልታ፣ ቆስላ።
ወደ ቆሻሻ አልሄደችም። ኢድዋል አስቀድሞ ፈርሞ ነበር፤
ነሪስ በበረዶ ሣጥን ይዛት ሮጠች፣ ኮሪደር በኮሪደር፣
ግቢውን አቋርጣ፣ ሊፍቱ ተበላሽቶ፣ ደረጃውን ሳትቆጥር።

ሳሕኑ ላይ ጨዋማ ውኃ አለ፣ ለብ ያለ እንደ ገላ፣
ከሥሩ ኦክስጅን ይፍለቀለቃል እንደ ድፍድፍ ጠላ።
በመርፌ ወጥራ፣ በማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሳ፣
ከፀጉር የቀጠነ ነርቭ መዘዘች፣ በመስታወት ቱቦ ጫፍ አስነክሳ።
ድምፅ ማጉያውን ከፈተች።
ጧ።
ጧ... ጧ።
ባለቤቱ ማደንዘዣው ይዞት ተኝቷል፣ ግቢ ተሻግሮ፣
ሆዱ ግን እዚህ ነው፣ ከማያውቃት ሴት ጋር ወግ ጀምሮ።
ይህ ሕመም ይባላል? ትላለች፤ የሚያመው ሰው በሌለበት?
በር እየተንኳኳ፣ «ማነው?» የሚል በጠፋበት?

ነገሩ የጨው ነው። ሶዲየም ከውጭ ተጋፍቶ ይጠብቃል፣
ገና ከፍተው እንዳልጨረሱት ሱቅ ደጃፉን ያጣብባል።
በነርቩ ገላ ላይ በሮች አሉ፣ በቁጥር የሚጠሩ፣
አንዳንዶቹ ችኩሎች፣ አንዳንዶቹ አመንትተው ገርበብ ብለው የሚቀሩ።
ቁስል ሲያንኳኳ በሩ ይበረገዳል፣ ጨው ይጎርፋል፣
አንዱ በር ለሌላው እያቀበለ፣ እስከ አንጎል ወሬው ያልፋል።

ሰባተኛው በር ሳይሠራላቸው የተወለዱ ሰዎች አሉ፣
ምድጃ ጨብጠው፣ ቆዳቸው ሲጤስ፣ «ምን ሸተተ?» የሚሉ።
እናም ተባለ፦ ሰባተኛው ይዘጋ፣ ሕመም ዝም ይላል።
ነሪስም አመነች። ሦስት ክረምት በዚህ እምነት አልፏል።

በዚህች ሌሊት መዝጊያውን መድኃኒት በጠብታ ለካች፣
የቁስል ቅመም አከለችበት፣ ትንፋሿን ይዛ ጠበቀች።
ጧ ጧ ጧ ጧ ጧ ጧ
በሩ ተዘግቶ፣ ሆድ ይጮኻል።

ዘጠነኛው ይሆን? ያ አመንትቶ ገርበብ የሚለው፣
ቁጣ በመጣ ጊዜ ሹክሹክታን ጩኸት የሚያደርገው?
ማስታወሻዋ ላይ «ዘጠኝ» ጻፈች፣ ከጎኑ የጥያቄ ምልክት፤
አንዴ ያመኑት በር ሲከዳ፣ ሰው አይቸኩልም ለሁለተኛ እምነት።

በመጨረሻ ውኃውን ለወጠች፤ ሶዲየም የሌለበት ቀዳች።
ጧ...
ጧ...

ዝም።

ዝምታማ ቀላል ነው፣ ጨውን መንሳት ብቻ።
ግን በዚሁ ጨው አይደል ልብም የምትመታ፣
ግቢ ተሻግሮ፣ በኢድዋል ደረት ውስጥ፣ ልክ በዚህች አፍታ?

ልታመሰግነው ወረደች በማግስቱ፣ ስድስት ሰዓት ገደማ፤
«ምን አለች ታዲያ ያቺ ትርፍ?» አላት ከትራሱ ላይ፣ ገርጥቶ እንደ ሻማ።
«እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አላስተኛችኝም፣ ስታወራ።»
«ጉድ ነው! እኔ ሁለት ቀን አፌን ይዤ፣ እሷ ምስጢሬን ስትዘራ!»
ብሎ ሳቀ፤
ሳቁ ስፌቱን ጎተተው፣ ፊቱ ተኮማተረ፣ ጎኑን በመዳፉ አጠበቀ።
ከዚያ በአንድ ጣት አመለከተ፤ «እዚህ ጋ፣ ልክ እዚህ» አላት።
ቆዳው ነበር። ነሪስ ያንን በር ታውቀዋለች፤ ቁጥሩ ሰባት።